ጆሮ ጠቢው ጸሐፌ ተውኔት

ባለፈው እትም አንዲት አንባቢ «ባለ አንድ ገቢር ጥሩ ተውኔት ይጠቁሙኝ» ብላኝ የአየርላንዳዊውን የጆን ሚሊንግተን ሲንግን «ወደ ባሕር ጋላቢዎች» ጠቁሜያት ነበር። የጻፍኩት ሁለት መስመር ነው። ደብዳቤው ግን ከደብረ ሲናም፣ ከሸዋ ሮቢትም፣ ከመሐል ሜዳም መጣ። ግማሹ ይጠይቃል፤ ግማሹ ይቆጣል። እንግዲያው የዛሬው ዓምድ የሲንግ ይሁን። ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው።

«ቲቸር፣ እንደምን አሉ? እኔ የማውቀው የአየርላንድ ጸሐፌ ተውኔት በርናርድ ሾውን ብቻ ነው፤ እሱንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ይሄ ሲንግ የሚሉት ከየት መጣ? ባጭሩ ቢነግሩን።»
የቀድሞ ተማሪዎ፣ ከደብረ ብርሃን

ባጭሩ እንደማይሆንልኝ ታውቃለህ። ደወል ተደውሎም አላቆምም ነበር።

ሲንግ በ1871 ደብሊን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነበር፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አጥባቂ ፕሮቴስታንት ነበረች። ቤተሰቡ የባለርስት ወገን ነው። የሚበላው ጭሰኛ ከሚከፍለው የመሬት ኪራይ ነው። አንዱ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ የባለርስቶች ወኪል ነበር፤ ኪራይ ያልከፈለን ገበሬ ከነቤተሰቡ ከጎጆው ያስወጣል። ይቺን ያዝልኝ፤ በኋላ የሸዋ ሮቢቱ ጠያቂ ያነሳታል።

ልጁ በሽታ አያጣውም ነበር። አብዛኛውን ቤት ውስጥ ነው የተማረው። ወፍ መመልከትና ተራራ ለተራራ መዞር ይወድ ነበር። ጎረምሳ ሳለ ዳርዊንን አነበበና የእናቱ እምነት ከውስጡ ወጣ። በእናትና በልጅ መካከል የገባው ነገር እስከ መጨረሻው አልወጣም። ትሪኒቲ ኮሌጅ ገብቶ በአይሪሽ ቋንቋና በዕብራይስጥ ተሸለመ፤ ልቡ ግን ቫዮሊን ላይ ነበር። በ1893 ሙዚቀኛ እሆናለሁ ብሎ ጀርመን ሄደ። ችግሩ፣ ሰው ፊት ቆሞ መጫወት ያስፈራዋል። ስለዚህ ሙዚቃውን ተወና በ1895 ፓሪስ ገባ። እዚያ ግጥም ይሞክራል፣ ሂስ ይሞክራል። አንዱም ያን ያህል አልሆነለትም።

በ1896 መጨረሻ ፓሪስ ውስጥ ከባለቅኔው ከዊልያም በትለር ዬትስ ጋር ተገናኘ። ዬትስ «ፓሪስን ተወው። አራን ደሴቶች ሂድና ከሰዎቹ እንደ አንዱ ሆነህ ኑር፤ ማንም ጽፎት የማያውቀውን ኑሮ ጻፍ» አለው ይባላል። ይህን የነገረን ራሱ ዬትስ ነው። መካሪ የራሱን ምክር ሲተርክ ትንሽ እንደሚያሳምር አትርሳ።

ሲንግ ወዲያው አልተነሳም። የሄደው በ1898 ነው። ከዚያም እስከ 1902 ድረስ እየተመላለሰ አምስት ጊዜ ሄዷል። አራን ከአየርላንድ በስተምዕራብ ያሉ ሦስት የድንጋይ ደሴቶች ናቸው። አፈር የለም ማለት ይቻላል። ሰዉ አሸዋና የባሕር አረም አለቱ ላይ እያነጠፈ ድንች ይተክላል። የሞላሌ ሰው የድንጋይ ካብ ምን እንደሆነ አይነገረውም፤ አራን ግን ከእርሻው ካቡ ይበዛል። ሲንግ ያረፈው በመካከለኛዋ ደሴት በኢኒሽማን፣ በአንድ ገበሬ ቤት ነው። ጫማው በድንጋዩ ሲያልቅ ቤተኞቹ እንደነሱ የጥሬ ቆዳ ጫማ ሠሩለት። እሱ ደግሞ ያን ሰው ፊት የሚፈራውን ቫዮሊን አውጥቶ ተጫወተላቸው። ጨፈሩም።

የተውኔት ዕድሜው ስድስት ዓመት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ተውኔቱ በ1903 መድረክ ላይ ወጣ፤ እሱ በመጋቢት 1909 በ37 ዓመቱ ሞተ። ስድስት ተውኔት ትቶ ነው የሄደው። የመጨረሻው አላለቀለትም ነበር። ዬትስ፣ ጸሐፌ ተውኔቷ ሌዲ ግሪጎሪና እጮኛው ሰብስበው በ1910 አሳዩለት። ሦስቱ ማለትም እሱ፣ ዬትስና ሌዲ ግሪጎሪ የደብሊኑ የአቢ ቴአትር ዳይሬክተሮች ነበሩ። ቴአትር ቤቱ የተከፈተው በታኅሣሥ 1904 ነው። ገንዘቡን ያወጣችው አኒ ሆርኒማን የምትባል እንግሊዛዊት ነች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር አንብቤ ተናደድኩ። ሲንግ ባረፈበት ቤት ወለሉ ላይ በነበረ ስንጥቅ ሆኖ ማጀት ያሉ ሠራተኞች የሚያወሩትን ያዳምጥ ነበር ይላል። ይሄ እኛ አገር ጆሮ ጠቢ ነው የሚባለው። የባለርስት ልጅ የድሃ ወሬ ሰርቆ ታላቅ ደራሲ ይባላል? እኔ የእናቴን ዘመዶች ወግ በስልኬ እቀዳ ነበር። አሁን አፈርኩና ተውኩት።»
ከሸዋ ሮቢት

ያነበብከው እውነት ነው። ያጋለጠው ሌላ ሰው እንዳይመስልህ፤ ራሱ ነው «የምዕራቡ አገር ጉብል» በተባለው ተውኔቱ መቅድም ላይ የጻፈው። ቤቱ አራን ላይ ሳይሆን ዊክሎ በሚባለው ተራራማ አገር የነበረ ያረጀ ቤት ነው። «በሸለቆው ጥላ ውስጥ» የተባለውን ተውኔቱን ሲጽፍ ከየትኛውም ትምህርት ይልቅ የጠቀመኝ ያ ስንጥቅ ነው ይላል። የልጃገረዶቹን ስም ግን አልጻፈም። «የቤት ሠራተኞቹ» ብሎ ነው ያለፋቸው። እዚህ ላይ ካንተ ጋር ነኝ። ስማቸውን ቢጽፍ ምን ይጎድልበት ነበር?

ግን ጆሮ ጠቢ የሰማውን ለሹም ነው የሚያቀብለው። ሰው ታስሮበታል፣ ሰው ጠፍቶበታል፤ የኔ ዕድሜ ሰው ያውቀዋል። ሲንግ ለመድረክ ነው ያቀበለው። የኛ ነገሥታትስ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ አልነበር? ንጉሡ የሚጠይቀው ስለ ዙፋኑ ሰግቶ ነው። ሲንግ የጠየቀው የፓሪስ መጽሐፍ ስለመረረው ነው። በዚያው መቅድም የኖርዌዩን ጸሐፌ ተውኔት ኢብሰንንና የፈረንሳዩን ደራሲ ዞላን ስም ጠርቶ፣ የሰውን ኑሮ ደስታ በሌለው፣ በገረጣ ቋንቋ ነው የጻፉት ብሎ ይወቅሳቸዋል። በኢብሰን ላይ ፈርዷል እላለሁ። ስለ ማጀቱ ግን አልተሳሳተም። ጥሩ አማርኛ የፈለገም ሰው ቢሮ ውስጥ አያገኘውም።

ወደ ስርቆቱ ልምጣ፤ ፍሬ ነገሩ እዚህ ነው።

ኢኒሽማን ላይ ፓት ዲራን የሚባል ተረት አዋቂ ሽማግሌ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ብሎ አጫወተው፦ መንገደኛ በዝናብ ሌሊት አንድ ቤት ይደርሳል። ሴትዮዋ ብቻዋን ናት፤ ባሏ ሞቶ ተጋድሟል። እንግዳውን አስቀምጣ ጎረቤት ልትጠራ ትወጣለች። ይሄኔ ሬሳው ቀና ይላል። «አልሞትኩም፤ ሚስቴን ልይዛት ነው» ይላል። ሴትዮዋ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ትመለሳለች። ባልየው ዱላውን ይዞ ይነሳል፤ ጎረምሳውን ይፈነክተዋል። ተረቱ አለቀ። ሚስት ተዋረደች፣ ባል ረካ።

ሲንግ ይህን ወሰደ። ከዚያ ምን አደረገው? በሱ ተውኔት ባልየው ሲነሳ ጎረምሳው ፈሪ ሆኖ ተገኘ። ባል ሚስቱን ከቤት አባረራት። መንገደኛው ግን «ነይ፣ አብረን እንሂድ» አላት። እሷም ለባሏ የልቧን ተናግራ ከማታውቀው ሰው ጋር ወጣች። ባልና ጎረምሳው ቁጭ ብለው አብረው ይጠጣሉ! ሽማግሌው የቀጣትን ሴት ሲንግ በር ከፈተላት። ሌባ የወሰደውን እንዳለ ነው የሚሸጠው። ይሄ ሌላ ሥራ ነው።

ደብሊንም የተቆጣችው በዚሁ ነው። በ1903 ሲታይ ዕውቋ የነጻነት ታጋይ ሞድ ጎን አዳራሹን ጥላ ወጣች። ጋዜጠኛው አርተር ግሪፊዝ ደግሞ የአየርላንድን ሴት ስም አጠፋ ብሎ ጻፈበት። አየህ፣ ዋናው ክስ ስርቆት አልነበረም። ያስቆጣው የሱ የሆነው ክፍል ነው።

የባለርስት ልጅነቱን አልክደውም። እሱም አልካደውም። አራን ላይ እንደነሱ ለበሰ፣ እንደነሱ ተናገረ፤ ሲበቃው ግን መርከብ ተሳፍሮ መውጣት ይችላል። እነሱ አይችሉም። ስለ አራን የጻፈውን መጽሐፍ በጥሞና ያነበበ ሰው ይህ ነገር ሲንግን ሲቆጠቁጠው ያያል። «እኔ ከናንተ አንዱ ነኝ» ብሎ አልዋሸም። ለዚህ ነው የማምነው። እኛ ዘንድ ከተማ አድጎ ሁለት ሳምንት ገጠር ሰንብቶ «የገበሬው ልሳን ነኝ» የሚል ደራሲ አይጠፋም።

አንተ ደግሞ ቅዳ። ስልኩን ግን ኪስህ ውስጥ አትደብቅ፤ ምንጣፉ ላይ አስቀምጠው። መጀመሪያ ዝም ይላሉ፤ ቡና ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ይረሱታል። ስማቸውን ጻፍ። ስትጨርስ መልሰህ አሰማቸው፤ «እንዲህማ አላልኩም» የሚሉህ ቦታ ላይ ነው ጥሩው ነገር የሚወጣው። ተረት ብቻ አታሳድድ። ጥጃ ሲያስሩ ምን እንደሚሉ፣ ልጅ ሲቆጡ እንዴት እንደሚቆጡ ያዝ። አያቴ መንዝ ውስጥ በረዶ ጣሪያውን ሲደበድበው ከሰማይ ጋር ትጣላ ነበር፤ ያን ማንም አልያዘውም።

«ለተከበሩ መምህርት። ይህ ሰው አባቱን ገደልኩ እያለ የሚፎክርን ወጠጤ ገበሬዎች ሲያከብሩት የሚያሳይ ቴአትር ጽፎ ሕዝብ እንደ ተነሳበት ሰምቻለሁ። እኔ ሕዝቡ ልክ ነው ባይ ነኝ። ገበሬን ማዋረድ ጥበብ አይደለም። እርስዎ ምን ይላሉ?»
ከደብረ ሲና

አባቴ፣ ስለ ጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ቁጣዎ ይገባኛል፤ ግን ጨርሰው ይስሙኝ።

ተውኔቱ «የምዕራቡ አገር ጉብል» ይባላል። ጥር 26 ቀን 1907 ነው የታየው። ክሪስቲ ማሆን የሚባል አንድ ፈሪ፣ አቧራ የጠጣ ልጅ ምዕራብ አየርላንድ፣ ማዮ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ይደርሳል። አባቴን በመቆፈሪያ መትቼ ገድያለሁ ይላል። ሰዉ አሳልፎ ሊሰጠው ይቅርና ተደነቀበት። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ልጅ ፔጊን ወደደችው። መንደርተኛው ስጦታ ይዞ መጣ። ልጁም ሲያወራው ነገሩ እያደገ ሄደ። መጀመሪያ አንድ ምት ነበረች፤ አባትየው ዝም ብሎ ወደቀ። ቆይቶ በአንድ ምት እስከ ቀበቶው ሰነጠቅሁት ማለት ጀመረ። ፉከራ ሰምቶ ላደገ የሸዋ ሰው ይሄ እንግዳ ነው? «ገዳይ!» ሲባል ማን ቆጥሮ ያውቃል?

ከዚያ አባትየው ራሱን በጨርቅ ጠምጥሞ መጣ። አልሞተም! መንደሩ በአንዴ ተገለበጠ። ልጁ ያጣውን ክብር ሊመልስ ሁሉም እያዩት አባቱን እንደገና መታው። አሁንስ ጀግና የሚሉት መሰለው። እነሱ ግን በገመድ አሰሩት። ፔጊንም ራሷ በእሳት እግሩን አቃጠለችው። በሩቅ የተወራ ጀብዱና ደጃፍ ላይ የተሠራ ወንጀል አንድ አይደሉም፤ የተውኔቱ ሐሳብ ይሄው ነው። ገበሬን ማዋረድ ነው? እኔ እንደሚመስለኝ የተዋረደው ወሬ አምላኪነት ነው። እሱ ደግሞ ከተማም አለ። ዛሬ ፌስቡክ ላይ በየቀኑ አንድ ክሪስቲ ይነግሣል።

ነገሩም ከአየር የመጣ አይደለም። አራን ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ከምዕራብ አየርላንድ ከኮናክት አባቱን በመቆፈሪያ ገድሎ የሸሸ ሰው ደሴቷ መጥቶ እንደ ነበር ለሲንግ አጫውቶታል። ፖሊስ ሲፈልገው ሕዝቡ ደበቀው፤ በኋላም ወደ አሜሪካ አሻገሩት። ምክንያታቸው፣ ሰው አባቱን የሚገድለው በደህና አእምሮው አይደለም፤ ተጸጽቷልም የሚል ነው። በዚያ ላይ ሕጉ የእንግሊዝ ነው። የሸፈተን ደብቆ ያበላ አገር ይህን ይረዳዋል።

የተቃዋሚዎቹም ሕመም እውነተኛ ነበር። አየርላንድ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ነበረች። የለንደን ጋዜጣና መድረክ አየርላንዳዊን ሰካራምና ጠበኛ አድርጎ ሲሣሣቅበት ኖሯል። በራሳችን ብሔራዊ ቴአትርም ይሄ ይደገም? አሉ። ይሄ ያምማል። የመጀመሪያው ምሽት ሁለት ገቢር በሰላም አለፈ። ሦስተኛው ላይ ስለ ሴት የውስጥ ልብስ አንድ ዐረፍተ ነገር ተነገረና አዳራሹ ፈነዳ። ዬትስ ስኮትላንድ ነበር፤ ሌዲ ግሪጎሪ መጀመሪያ «ተሳክቷል» ብላ ቴሌግራም ላከችለት፤ ከዚያ ሌላ ቴሌግራም ላከች፦ ታዳሚው በረብሻ ተበተነ።

ከሰኞ ጀምሮ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሰዉ የሚመጣው ለመጮኽ ነው። ተዋንያኑ አፋቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ተጫወቱ፤ አንድም ቃል አልተሰማም። ፖሊስ ተጠራ። እኔ ከርስዎ የምለየው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ቀን ታዳሚ ሰምቶ ተቆጣ፤ መብቱ ነው። የሰኞው ግን ያልሰማውን ነው ያወገዘው። ዬትስ ሳምንቱን ሙሉ አሳየውና በየካቲት 4 እዚያው አዳራሽ የክርክር መድረክ ከፈተ። ሲንግ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ አልመጣም። ቡድኑ አሜሪካ ሲሄድም አልቀረለትም፤ በ1912 ፊላዴልፊያ ላይ ተዋንያኑ በዚሁ ተውኔት ታሰሩ።

የኛም አገር ቴአትር አጀማመሩ እንዲሁ ነው። የዚሁ የሸዋ ሰው የሆኑት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔት «የአውሬዎች ኮመዲያ» ብለው በእንስሳት ተረት አሳዩ። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን መንግሥትን ነካ ተብሎ ተከለከለ። እኔም በዘመኔ የተማሪዎች ድራማ ሳዘጋጅ መጨረሻውን «ደስ በሚል» እንድቀይር አንድ ኃላፊ አዞኝ ያውቃል። ልምምዱን እንኳ አላየም። ቀየርኩለት፤ ተማሪዎቹ መድረክ ላይ ወጥተው የድሮውን ተጫወቱት።

«ሲንግ አግብቷል? ሀብታም ነበር? ምን ገደለው?»
ስሜ ይቆይ፣ ከእነዋሪ

አላገባም። በወጣትነቱ ቼሪ ማቴሰን የምትባል ልጅ ወዶ ነበር፤ ሃይማኖት የለህም ብላ እምቢ አለችው። በኋላ ሞሊ ኦልጉድ የምትባል የአቢ ተዋናይትን ወደደ። ፔጊንን የተጫወተችው እሷ ናት። ካቶሊክ ናት፣ የድሃ ልጅ ናት፣ በብዙ ዓመት ታንሰዋለች። ዘመዶቹ አልወደዷትም። ደብዳቤ ሲጽፍላት «ያንቺው ሽማግሌ መንገደኛ» ብሎ ይፈርም ነበር። ደብዳቤዎቹን ያነበበ ሰው ቀናተኛና ነጭናጫ እንደነበርም ያያል። ሰርጉ በሕመም ምክንያት ሲራዘም ሲራዘም ቀረ።

ሀብቱ በዓመት 40 ፓውንድ ገደማ የምትገባ የውርስ ገንዘብ ናት። በረሃብ አልሞተም፤ አልሞላለትምም።

የገደለው የሆጅኪን በሽታ ነው፤ የዕጢ ካንሰር። አንገቱ ላይ ያበጠው በ1897 ነው። ማለት አራንን ከማየቱ በፊት። ሁሉንም ተውኔት የጻፈው በሽታው ውስጡ እያለ ነው። እናቱ በ1908፣ እሱ ጀርመን ሳለ ሞተች። ቴአትር ቤት መግባትን ኃጢአት ስለምትል አንድም ተውኔቱን አላየችም። ከሕይወቱ ሁሉ እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። የዓለምን እናቶች ያስለቀሰ ልጅ እናቱ አላየችለትም።

«ቲቸር፣ የድራማ ክበብ ነን። እርስዎ የጠቆሙትን "ወደ ባሕር ጋላቢዎች" በአማርኛ ልንሠራው ነው። ግን ባሕር አይተን አናውቅም። ባሕሩን ትተን ጀማ ወንዝ ብናደርገውስ? ደግሞ መጨረሻው ላይ ልቅሶ አለ። ክበባችን ውስጥ ደህና ሙሾ አውራጅ ሴቶች አሉን፤ የኛን ሙሾ እንጨምርበት?»
ከመሐል ሜዳ

ልጆቼ፣ በጣም ደስ አላችሁኝ። ሌላው አንባቢ እንዲከተለን ታሪኩን ላስቀድም። ሞርያ የምትባል አሮጊት ባሏን፣ የባሏን አባትና ወንዶች ልጆቿን ባሕር በልቶባታል። ማይክል ከጠፋ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የቀራት ወንድ ባርትሊ ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ ፈረስ ሊሸጥ ባሕር ተሻግሮ ገበያ ልሂድ ይላል። አትሂድ ትለዋለች። ይሄዳል። ሳትመርቀው ወጣ። ሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ከሩቅ አገር ከተገኘ ሬሳ ላይ የመጣ የልብስ ጥቅልል ደብቀውባታል። ከካልሲው ላይ ያመለጡትን አራት የሹራብ ዐይን ቆጥረው የማይክል መሆኑን ያውቃሉ፤ ካልሲውን የሠራችው ከሁለቱ አንዷ ናት። ከዚያ ባርትሊም ይሞታል። በቃ። ግማሽ ሰዓት አትሞላም። የመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በየካቲት 1904 ነው።

ይሄም ከአራን የተለቀመ ነው። ሲንግ በነበረበት ጊዜ ዶኔጋል የወጣ አንድ ሬሳ የማን እንደሆነ ደሴቱ ሁሉ በልብሱና በኪሱ ዕቃ ሲያጣራ ከርሟል።

ጀማን ተዉት። ጀማ ክረምት ሲሞላ ሰው ይወስዳል፤ አውቃለሁ። ግን መስከረም እስኪጠባ ጠብቆ መሻገር ይቻላል። የሞርያ ልጆች መጠበቅ አይችሉም። ዓሣውም፣ ለማገዶና ለመሬት የሚሆነውም፣ ገበያውም ባሕሩ ነው። እርሻቸው ነው የሚገድላቸው። ይሄን ካወጣችሁ ባርትሊ ግትር ልጅ ብቻ ይሆናል። አንድ የአራን ሽማግሌ ለሲንግ ሲነግረው፣ ባሕርን የማይፈራ ሰው በማይወጣበት ቀን ወጥቶ ቶሎ ይሰጥማል፤ እኛ ግን ስለምንፈራ የምንሰጥመው አልፎ አልፎ ነው ብሎታል። ባርትሊን የሚጫወተው ልጅ ይሄን ያጥና። ጀግና አይደለም፤ ይፈራል፤ ይሄዳል።

ደግሞም ባሕሩ መድረክ ላይ የለም እኮ! ያለው አንድ ማጀት ነው። ምድጃ፣ ዳቦ፣ ግድግዳ ላይ የተደገፈ ሳንቃ። ባሕሩ ድምፅ ነው። አዳራሻችሁ ቆርቆሮ ከሆነና ቀኑ ዝናብ ከሆነ እሱ በነጻ ይሠራላችኋል። እኔ ስንት ልምምድ በበረዶ ድምፅ ተቋርጦብኛል፤ እናንተ ተጠቀሙበት።

ካልሲውን ወደ በርኖስ እንዳትቀይሩት። የመንዝ ልጅ የበግ ጠጉር ስለምታውቅ ይፈትናችኋል። በርኖስ ከሩቅ ይታያል። ካልሲ ግን እጅ ላይ ይዘው፣ ተጠግተው፣ ዐይን በዐይን ነው የሚቆጥሩት። ተመልካቹ ትንፋሹን የሚይዘው በመቁጠሩ ነው። ተዋናይቷ በእውነት ትቁጠር፤ የውሸት ቆጠራ ከኋላ ወንበርም ያስታውቃል።

ሙሾውን በተመለከተ ምክሬ ጥብቅ ነው። ግጥም አታስገቡ። ሲንግ አራን ላይ የአንዲት ባልቴት ቀብር አይቶ፣ ለቅሶው ለሟቿ ብቻ ሳይሆን ለሰዉ ሁሉ ዕጣ የሚለቀስ መስሎት ጽፏል። የኛ ልቅሶ ቤት የዋለ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እያንዳንዷ የየራሷን ሟች ነው የምታለቅሰው። ግን በተውኔቱ ሴቶቹ እያማተቡ ገብተው በዝግታ ነው የሚያንጎራጉሩት፤ ከነሱ በላይ ሞርያ ትናገራለች። እሷ አታለቅስም። ባሕሩ ከእንግዲህ የሚወስድብኝ የለም ነው የምትለው። ሙሾ አውራጇ ድምፅዋን ከለቀቀችው ሰዉ ወደ እሷ ይዞርና ሞርያ ትጠፋለች። ሴቶቹ አፋቸውን ገጥመው ከጉሮሮ ያዚሙ። ጎበዟን ሙሾ አውራጅ ደግሞ ሞርያን አጫውቷት። ማልቀስ የምትችል ሰው ሳታለቅስ ስትቀር ነው ኃይል ያለው።

ሞርያን ነጭ ዱቄት ጸጉሯ ላይ ነስንሳችሁ፣ ጎንበስ አድርጋችሁ፣ ድምጿን አንቀጥቅጣችሁ አታምጡብኝ። የመንዝ አሮጊት እንደዚያ ስትሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው።

ፈቃድ አያስፈልጋችሁም። ደራሲው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነው የቅጂ መብቱ አብቅቷል፤ እንግሊዝኛው ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። ስትተረጉሙ ጮክ ብላችሁ እየተናገራችሁ ተርጉሙ። አንዷ ትናገር፣ አንዱ ይጻፍ።

የመጨረሻው ዕቃ ሳንቃው ነው። አዲስ ነጭ ሳንቃ ይሁን፤ ለማይክል ሳጥን ተብሎ የተገዛ ነው፤ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ይታይ። አትግዙት፤ ከአናጢ ተዋሱት። ሚስማር ግን አታምጡ። ሞርያ ሳንቃውን ስትገዛ ሚስማሩን ረስታዋለች፤ ይሄ በሬሳው ፊት ሲታወቅ አንዱ ሰው «ያን ሁሉ ሳጥን ሲሠራ አይታ እንዴት ሚስማር ትረሳለች?» ይላል። ይህን የሚናገረው ልጅ አያዝን፣ አይቆጣ። ዕቃ ስለ ጎደለበት ሥራ እንደሚናገር ሰው ይበለው።